ከቀጭኔዋ ጀርባ

ጂንካ፣ መስከረም 28 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት አክስቴ ለእትዬ ጥሩብርሃን፣ ናይሮቢ

ዘመን የለወጠ አምላክ ጤናዎን አይለውጥብዎ እያልኩ ከድንበሩ ወዲህ ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

እኛ ደህና ነን። እማማም ደህና ናት። ዓይኗ የሰው መልክ መለየት ካቆመ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ጥፋት ግን አሁንም አያመልጣትም። ትናንት በጫማዬ ጭቃ ይዤ ስገባ ከመደቧ ሳትነሣ "ተመለስና በሩ ላይ ጥረግ" አለችኝ። በቆሎው ደህና ነው። ዝናቡም ደህና ነው።

የላኩልኝ ቴምብሮች ደርሰዋል። ከእንግዶቹ ፖስታ ላይ በድስት እንፋሎት ሲያላቅቋቸው አንዲት የጠርዝ ጥርስ እንኳን አልጎደለባቸውም። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤቶች ወጥ ቤታቸው ለጂንካ ቴምብር ሰብሳቢ እንደሚሠራ ቢያውቁ ምን ይሉ ይሆን?

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ለጊዜው ቴምብር አይላኩልኝ፤ ያለኝ ይበቃኛል። ደብዳቤም ሲጽፉልኝ በድሮው የፖስታ ሣጥን ቁጥር መሆኑ ቀርቶ በጓደኛዬ በመምህር ታደለ ስም፣ በትምህርት ቤቱ በኩል ይሁን። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ለመንገዴ ስለሚቀርብ ነው። ሥራ ደህና ነው።

እርስዎንም ደህና ያድርግልኝ።

የእህትዎ ልጅ ሸዋንግዛው


ናይሮቢ፣ ጥቅምት 30 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሸዋንግዛው

ያቺን ደካማ እህቴን በአንተ ትከሻ ያኖረ ጌታ ትከሻህን ያጽናው። እኔ ደህና ነኝ። አንዴ ብዬዋለሁ፤ አልደግመውም።

አንተ ግን "ደህና" የምትለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍክ ብቆጥረው ደከመኝ። በቆሎው ደህና፣ ዝናቡ ደህና፣ ሥራው ደህና! ልጄ፣ ደህና የሆነ ሰው ይህን ያህል አይምልም።

የድሮው የፖስታ ሣጥን የመንገድ ሥራው ፕሮጀክት ንብረት ነበር። አንተ የዚያ ፕሮጀክት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርክ። ሣጥኑን ከተቀማህ ወንበሩንም ተቀምተሃል ማለት ነው። ደግሞ ባለቤቴን ተከትዬ እዚህ አገር ከመጣሁ፣ እሱንም ከቀበርኩ፣ ብቻዬንም ከቀረሁ ጀምሮ "ቀጭኔ ያለባትን ፈልጊልኝ" እያልክ ነፍሴን ስታወጣ የኖርክ ልጅ ዛሬ "ቴምብር ይበቃኛል" ካልክ ወይ ታመሃል ወይ ሥራ ፈተሃል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ቁርጡን ጻፍልኝ። ደግሞ እንዳታለባብስ፤ አንቀልባዬ ላይ ስታለቅስ ርቦህ ይሁን ቁንጫ ነክሶህ ለይቼ የማውቅ ሰው ነኝ።

አክስትህ ጥሩብርሃን


ጂንካ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለእትዬ ጥሩብርሃን

ከእርስዎ ምን ሊሸሸግ ይችላል? ሰላምታዬን ከእፍረቴ ጋር ይቀበሉኝ።

እውነትዎን ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ፕሮጀክቱ አለቀ ተባለና በር ላይ ሰብስበው ስማችንን አነበቡት። አሥራ አራት ሰው ተቀነስን። እኔ እስከ መጨረሻዋ ብሎን አስረክቤ፣ የመጋዘኑን ቁልፎች ጠረጴዛ ላይ አኑሬ ወጣሁ። ለእማማ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ጠዋት ጠዋት "ሥራ ሄድኩ" ብዬ እወጣና ታደለ ቤት ቁጭ ብዬ እመለሳለሁ። በሠላሳ አራት ዓመቴ እንደ ተማሪ እፎርፋለሁ።

ተስፋዬ ግን እርስዎ የሚስቁበት ቴምብር ሆኗል። ይስሙኝ።

እኛ ቴምብር ሰብሳቢዎች አራት ነን። ጂንካ እኔና ታደለ አለን። አርባ ምንጭ ባዩሽ የምትባል ታይፒስት አለች፤ እሷንም ከመሥሪያ ቤቷ ቀንሰዋታል። መልኳን አላውቅም፤ የማውቀው የእጅ ጽሑፏን ነው። ወይጦ ደግሞ ቦሼ አለ፤ የፕሮጀክቱ አስተርጓሚ ነበር፣ ከእኔ ጋር የተቀነሰ። አንድ ትልቅ ካኪ ፖስታ አለን፤ ስሙን "ዟሪው" ብለነዋል። ከጂንካ አርባ ምንጭ፣ ከአርባ ምንጭ ወይጦ፣ ከወይጦ ጂንካ ይዞራል። የደረሰው ሰው የወደደውን አንድ ቴምብር ያነሣል፣ የራሱን አንድ ያስቀምጣል። ውስጡ አንድ ደብተር አለ፤ የትኛው ቴምብር ከየት መጣ፣ ምን ጉድለት አለበት፣ ማን አኖረው፣ ማን ወሰደው የሚለውን የምመዘግበው እኔ ነኝ። የግምጃ ቤት አመል አይለቅም።

ኅዳር ላይ ባዩሽ ከአንድ የሱዳን ቴምብር ጋር ብጣሽ ወረቀት አያይዛ ላከች፤ "አንድ መጋዘን ጸሐፊ ይፈልጋል ብለውኝ ብሄድ ተይዟል። እናንተስ የሰማችሁት የለም?" ይላል። ታደለ እሱን አንብቦ ደብተሩ ላይ ሕግ ጻፈ፤ "ቴምብር ያነሣ ቴምብር ያስቀምጥ። የሥራ ወሬ የሰማም አብሮ ይክተት። ሰምቶ ለብቻው የዋጠ ዟሪው ይለፈው።" ከዚያ ወዲህ ዟሪው ወፍሯል። ቦሼ "ወይጦ ጎማ የሚለጥፍ ሰውዬ ሄደች፤ መሣሪያው አለ፣ ሰው የላትም" ብሎ ጻፈ። አማርኛን በፀማይኛ ላይ የተማረው ስለሆነ ወንዱ ሁሉ ሴት ይሆንበታል፤ ወሬው ግን ዝንፍ አይልም። ጎማ ለጣፊው በእርግጥ ሄዷል፤ ችግሩ ከመካከላችን ጎማ መለጠፍ የሚችል አለመኖሩ ነው።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰምቶ "ይህን ማኅበር ማን ፈቀደው?" ብሎ ታደለን ጠራው። ታደለም "ማኅበር አይደለም ጓድ፣ ፖስታ ነው" ብሎት ተላቀቁ።

የሚያስጨንቀኝን ልንገርዎ። ወደ ሁመራ ለእርሻ ሥራ ሰው የሚመዘግቡ መጥተዋል። እስከ ፋሲካ ካላገኘሁ ስሜን ልሰጥ ነው። እማማን ለማን እንደምተዋት አላውቅም። እዚያ የሄደ ሰው ለዓመት በዓል እንኳን የሚመለስበት መንገድ አይደለም።

ልጅዎ ሸዋንግዛው


ናይሮቢ፣ የካቲት 10 ቀን 1974 ዓ.ም.
(ኤሮግራም። መሃሉ ላይ በመቀስ ተቆርጧል።)

ይድረስ ለልጄ ለሸዋንግዛው

የዘጋ ጌታ ሌላ በር ይከፍታል፤ እልል በልና አንብብ።

ይህን ሰማያዊ ተጣጣፊ ወረቀት የሰጠኝ እዚህ ያረፈ የውኃ መሐንዲስ ነው። ቁርስ ሳቀርብለት የት አገር እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ጂንካ ስለው ዓይኑ በራ። ወደ እናንተ አካባቢ ጉድጓድ ሊቆፍሩ ነው፤ የቧንቧና የሞተር ዕቃ የሚይዝ የግምጃ ቤት ሰው ይፈልጋሉ። ስላንተ ነገርኩት። እንግዲህ አደራህን፣ ከዚህ በታች ያለውን ልብ ብለህ አንብብ።

የምትመዘገበው . . . . . . . . . . . . .
. . . . . . . . . . . . . ቢሮ ሄደህ . . . . . .
. . . . . . . . . . ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ
. . . . . . . . . . . . . የሚባለውን ሰው ጠይቅ፤ ስሙን ሦስት ጊዜ አስደግሜ ነው የያዝኩት።

ሁሉንም በግልጽ ስለጻፍኩልህ ከእንግዲህ ምክንያት የለህም። ለእህቴም እውነቱን ንገራት። ሁመራ የምትባለውንም አልሰማሁም።

አክስትህ ጥሩብርሃን

ቀጭኔዋንም በመጨረሻ አገኘሁልህ፤ ውጭው ላይ ናት።


ጂንካ፣ የካቲት 30 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለእትዬ ጥሩብርሃን

በእግዚአብሔር ፊት የቆሙ መስለው ይስሙኝ፤ ቁጣዎን ግን ለመጨረሻው ያቆዩልኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ነው። አውሮፕላኑ ሜዳው ላይ ቆሟል፤ ሰዎች ላሞቹን ከሜዳው እያባረሩ ነው፤ የፖስታ ቤቱ ሰው የአርባ ምንጩን ጆንያ አፉን ሊያስር ነው። ዟሪው በእጄ ነው፤ ለባዩሽ ልሰደው። ከውስጡ አንድ የየመን ቴምብር አንሥቻለሁ፤ በምትኩ የማስቀምጠው አጥቼ አፍሬ ቆሜያለሁ። በዚህ መካከል የእርስዎን ወረቀት ብመለከት ቀጭኔዋ! ስንት ዓመት የለመንኳት ቀጭኔ! የፖስታ ቤቱን መቀስ ተቀበልኩ፤ እንደ ልማዴ ዙሪያዋን የጣት ስፋት ትቼ ቆረጥኳት፤ ዟሪው ውስጥ ከተትኳት። ለራሴ ያላስቀረኋት ሳላስቀምጥ ማንሣት ከብዶኝ ነው። አውሮፕላኑ ሄደ።

ኤሮግራም መሆኑን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሌላ ጊዜ እርስዎ በፖስታ አሽገው ስለሚልኩ፣ የዚህኛው ፖስታ ራሱ ደብዳቤው መሆኑን ልብ አላልኩም። ቤት ገብቼ ብዘረጋው መሃሉ መስኮት ወጥቶለታል፤ በመስኮቱ የእማማ ፊት ይታየኛል። የቢሮው ስም የለም፣ ቀኑ የለም፣ ሰውየው የለም። ሁሉም ከቀጭኔዋ ጀርባ ሄደዋል።

እማማ ትንፋሼን ሰምታ "ምን ሆንክ?" አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ከሥራ መቀነሴንም ጭምር። "እሱንማ አውቃለሁ" አለች። "ከሐምሌ ወዲህ ስትሄድ ቁልፍ አይንቃጨልም። እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁህ።" እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ስልኩ ምሰሶው ወድቆ ከተበላሸ ሳምንት አለፈው። ሜዳው ጭቃ ስለሆነ አውሮፕላን መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ወይጦ ወንዝ ስለሞላ መኪናም ቆሟል። ለባዩሽ ደብዳቤ ጽፌ በእግር ለሚሻገር ሰው ሰጥቻለሁ፤ መድረሱን እንጃ።

አሁን የሚበላኝን ሐሳብ ልንገርዎ። ባዩሽም ሥራ የላትም። ያቺ ቁራጭ ላይ የእኔ ስም አልተጻፈም። ሥራ ፍለጋ ጫማዋን የጨረሰች ሴት እጅ ላይ ሥራ ከሰማይ ወደቀላት። ብትወስደው ማን ይፈርድባታል? ያገኘ ያነሣል ነው ሕጉ። እባክዎ ቶሎ ብለው ደግመው ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሸዋንግዛው


ናይሮቢ፣ መጋቢት 22 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለሸዋንግዛው

ለሞኝ ልጅ የሚጸልዩ ቅዱሳን ሁሉ ይርዱህ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ሳቅሁ። ከዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እኔ ስሙን ሦስት ጊዜ ያስደገምኩት ለመቀስህ ነው? የሰው ልጅ በመጠጥ ይጠፋል፣ በሴት ይጠፋል፤ በቀጭኔ የጠፋ የመጀመሪያው አንተ ነህ።

እነሆ ደገምኩልህ። ሥራው ወይጦ ነው። ምዝገባው አርባ ምንጭ ካለው ቢሮአቸው ነው። የሚጠየቀው ሰው አቶ ደምሰው ይባላል። የመጨረሻው ቀን መጋቢት 20 ነበር። ዛሬ 22 ነው። እያወቅሁ የጻፍኩልህ ምናልባት ቀን ያስረዝሙ እንደሆነ ብዬ ነው፤ ሂድና ለምን። ልመና ከሁመራ ይሻላል።

ያቺን ባዩሽንም ቀድመህ አትርገማት። ያላየኸውን ሰው በክፉ አታስብ፤ ያየኸውም ይበቃል።

ለወሬ ያህል ልጠይቅህ። የጓሮዋ ክፍል ጣራዋ ያፈሳል ወይስ ጠገንከው? ጂንካ ላይ ዳቦ የሚጋግር ሰው አለ? ሠራተኛ የሚቀልቡ ቤቶችስ አሉ? እንዲሁ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ሥራ ደህና ነው። እንግዶቹም ደህና ናቸው።

አክስትህ ጥሩብርሃን


ጂንካ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለእትዬ ጥሩብርሃን

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ! ጾሙን በእንባ ይዘን በሳቅ ፈታነው።

ቁጭ ብለው ያንብቡ። የመጨረሻው ደብዳቤዎ ገና ሳይደርሰኝ፣ የሕማማት ሰኞ ሁመራ ለመመዝገብ ካፖርቴን ለብሼ ስወጣ የጭነት መኪና ደጃችን ቆመና ቦሼ ወረደ። ዟሪውን ይዟል። "ሸዋንግዛው፣ ና! አለቃው መጣች፣ ትፈልግሃለች!" ብሎ ጮኸ። አለቃው የወይጦው ሥራ ኃላፊ፣ ጢማም ሰውዬ ነው። ከዟሪው ውስጥ የባዩሽ ደብዳቤ ወጣ። እንዳለ ልገልብጥልዎ፤

"ወንድሜ ሸዋንግዛው፣ ቀጭኔዋን ከወረቀቷ ላላቅቅ ውኃ ካቀረብኩ በኋላ ገልበጥ ሳደርጋት ጽሑፍ አየሁ። የወይጦ ጉድጓድ ቁፋሮ ሥራ፣ አርባ ምንጭ ካለው፣ አቶ ደምሰው፣ እስከ መጋቢት 20፣ ይላል። እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለት ቀን ለራሴ ያዝኩት። ስም የለበትም እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ነገር ግን ቴምብር ሲቆርጥ ዙሪያውን የጣት ስፋት የሚተው ካንተ በቀር ሰው አላውቅም። መቀስህ ፊርማህ ነው። በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። አቶ ደምሰውን 'የመጣሁት ለሁለት ሰው ነው፤ እኔ ታይፒስት ነኝ፣ የግምጃ ቤት ሰው ደግሞ ጂንካ አለ' አልኩት። 'ማስረጃው የታለ?' አለኝ። የዟሪውን ደብተር አውጥቼ ፊቱ ዘረጋሁት። አራት ገጽ አገላበጠ። 'አንድ ጥርሷ የጎደለ የየመን ቴምብር በየትኛው ቀን በማን እጅ እንደነበረች የጻፈ ሰው ቧንቧ አይጠፋበትም' አለና ስምህን ጻፈ። እኔንም ለቢሮው ያዘኝ። ፀማይኛ የሚያውቅ አለ ወይ ሲል ቦሼን ነገርኩት። ስለ ሁለቱ ቀን ይቅር በለኝ።"

አክስቴ፣ በአንዲት ቀጭኔ ሦስት ሰው ሥራ ያዘ! ከሚያዝያ 18 ጀምሮ የወይጦው ዕቃ ግምጃ ቤት በእጄ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጂንካ እመለሳለሁ። እማማ በመጀመሪያው ቀን ቁልፎቹን ተቀብላ ዳሰሰቻቸው፣ አንቃጨለቻቸው፣ "አሁን ሂድ" አለችኝ። ባዩሽን ገና በአካል አላገኘኋትም፤ በሚመጣው ወር ወረቀት ይዛ ትመጣለች። ጸጉሬን ልስተካከል አስቤያለሁ፤ ይህን ለማንም እንዳይናገሩ።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ባለፈው ደብዳቤዎ "ደህና" የሚለውን ሦስት ጊዜ ጽፈዋል። ደህና የሆነ ሰው ይህን ያህል አይምልም ያለችኝ ሴት ማን ነበረች? ሌላም አይቻለሁ። በፊት፣ አይላኩልኝ ካልኩዎ በኋላም እንኳን፣ ከእንግዶቹ ፖስታ የተላቀቀ ማኅተም ያረፈበት ቴምብር ይልኩልኝ ነበር፤ አሁን ሁለት ደብዳቤ መጣ፣ የእንግዳ ቴምብር የሚባል አንድም የለም። ቀጭኔዋም እርስዎ የገዟት አዲስ ነበረች። እንግዳ የሌለው ማረፊያ ቤት ወጥ ሠሪ ምን ያደርግለታል? ደግሞ የጓሮዋን ክፍል ጣራ "ለወሬ ያህል" የሚጠይቅ ሰው አላውቅም።

ስለዚህ የዟሪው ሕግ ይፈጸምብዎ። ያነሣ ያስቀምጥ። ድርጅቱ ጂንካ ላይ የሠራተኞች ማረፊያ ይከፍታል፤ ወጥ ቤቱን የምትመራ፣ ፈረንጅም ሐበሻም ማብላት የምታውቅ ሴት ይፈልጋሉ። አቶ ደምሰው እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይጠብቃል። ወሬውን ዟሪው ውስጥ ከትቼ ከሥሩ "የእትዬ ጥሩብርሃን ነው" ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሦስቱም ፈርመውበታል። ቦሼ "እትዬ ይምጣ" ብሏል። ጣራዋ ትናንት ተጠግናለች።

ልጅዎ ሸዋንግዛው


ናይሮቢ፣ ግንቦት 28 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሸዋንግዛው

ከሥራህ የማይለይህ፣ ከእህቴም የማይለይህ አምላክ ስሙ ይክበር።

አንተ ልጅ! ቴምብር ስትለቅም ሰው ማንበብ ተምረሃል። አዎን፣ እኔም ተቀንሻለሁ። ማረፊያው ተዘግቷል። መሐንዲሱ የመጨረሻው እንግዳ ነበር። እሱን ቁርስ አብልቼ ከሸኘሁ በኋላ ሽርጤን ፈታሁና ፖስታ ቤት ሄጄ ቀጭኔዋን ገዛሁልህ። በዚያች ቀን የሰው ልብ ደስ ማሰኘት ካልቻልኩ ወድቄ የምቀር መስሎኝ ነበር። እንዲህ ሆና ተመልሳ እኔኑ ታነሣኛለች ብዬ ግን አላሰብኩም።

ልመጣ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት "ዘንድሮ፣ ለከርሞ" ስል ኖሬ አሁን መጥበሻዎቼን በጨርቅ እየጠቀለልኩ አለቅሳለሁ፣ እያለቀስኩም እዘፍናለሁ። ኤምባሲው ወረቀቴን ጨርሶልኛል። ለእህቴ መልኬን ባታየውም ጠባዬ እንዳልተለወጠ ንገራት። ባዩሽን ደግሞ ሁለት ቀን መያዟን አንሥተህ እንዳታስቀይማት፤ በሦስተኛው ቀን የተነሣች ሴት ናት። ጸጉርህንም ተስተካከል።

እኔም አንድ አንሥቻለሁና አንድ ላስቀምጥ። በዚህኛው ፖስታ ላይ ያለችው ሰጎን ለዟሪው ናት። የምደርስበትን ቀን ከሥሯ ጽፌዋለሁ፤ ውኃ እንዳያጠፋው በእርሳስ ነው። መቀስ እንዳታነሣ። ዘፍዝፋት፣ ታገሥ፣ ቀስ ብለህ አላቅቃት። ያን ቀን ከአውሮፕላኑ ሜዳ ላሞቹን የሚያባርር ሰው አይጥፋ።

አክስትህ ጥሩብርሃን